መዋኘት አለመቻሌን የደበቅኩ ዕለት

ድሬዳዋ መሃል በሚያልፈው ደቻቱ ዳር ላደገ ልጅ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው። ኳስ የምንጫወትበት፣ ፍየል የሚተኛበት፣ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር የምንሻገርበት ደረቅ አሸዋ። ውሃ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። እሱም ቢሆን ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት መጣ። 11 ዓመቴ ነበር። ድምፁን ቀድማ የሰማችው እናቴ ናት። «ባቡር መስሎኝ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። በዚያ ሰዓት ባቡር እንደሌለ ትዝ ሲላት ነው የቀሰቀሰችን። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ቤታችን ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር እኛ ተረፍን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግን አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ አልመጣችም።

ከዚያ ክረምት በኋላ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። መዋኘትም አልተማርኩም። ባለፈው ጥር ግን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ዩጋንዳ ሄጄ ነጭ አባይ ላይ ራፍቲንግ ወጣሁ። በአየር የተነፋ ወፍራም የጎማ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ እየቀዘፉ፣ በሚናወጥ ወንዝ መውረድ ማለት ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ውሃ ለሚፈራ፣ መዋኘት ለማይችል፣ ግን ጓደኞቹ «አቦ እንሂድ» ብለው ለያዙት ሰው ነው።

ሐሳቡን ያመጣው የአጎቴ ልጅ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። ጢስ ዓባይን አይቷል፣ ምንጩ ያለበት ሰከላም ድረስ ወጥቷል። «የእኛን አውቀዋለሁ፤ ሌላኛውን ግን በካርታ ብቻ ነው የማስተምረው» ይል ነበር። ሌላኛው ነጭ አባይ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጂንጃ ከተማ አጠገብ ይወጣል፤ ብዙ አገር አቋርጦ ካርቱም ላይ ከእኛው አባይ ጋር ይገናኛል። የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ባንክ ትሠራለች፣ እሱ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። አራታችንም በአንድ ግቢ ያደግን የድሬ ልጆች ነን። ዕቁብ ገብተን የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ አንድ ዓመት ጠበቅን።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። ቡናዋን አስቀምጣ ብዙ አየችኝና «ልጄ፣ ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለችኝ። ያን ቀን «ልክ ነሽ» ብዬ መዋኛ ፍለጋ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም።

ሙያዬ ስለሆነ ስለ ጤናው ላንሳ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው። ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፤ ካርዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወባም አለ። እኛ ድሬዎች ወባን እናውቀዋለን፤ በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ የረሳ የለም። በየቤቱ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባዋ አዲሷ ትንኝ ናት ያመጣችው። ግን «ለምደነዋል» ብሎ ያለ መከላከያ መሄድ አይገባም። መከላከያ ክኒን አለ። ከመሄድ በፊት ይጀመራል፣ እዚያ እያሉ ይወሰዳል፣ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። የትኛው እንደሚስማማችሁ ሐኪም ይንገራችሁ። ሦስተኛው ቢልሃርዚያ ነው፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ የአካባቢያችን ሰው ስለሆናችሁ በግልጽ ልናገረው። ጫት ይዛችሁ ድንበር እንዳትሻገሩ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ለአንድ እስር ጫት ስትሉ መከራ ውስጥ ትገባላችሁ። ወንዙ ላይ በምትወጡበት ዋዜማም ምርቃና ላይ አትደሩ። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያልበላ፣ አፉ የደረቀ ሰው ጉልበት አይኖረውም። ወንዙ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል።

ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ የካምፓላ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለባት ኢንተቤ በአውሮፕላን ሄድን። ከካምፓላ ጂንጃ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በከባድ መኪና ይጨናነቃል፤ መሃል ላይ ማቢራ የሚባል ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ጂንጃና ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ከ1,100 ሜትር ይበልጣሉ። ሙቀቱ ግን አይገናኝም። የእኛ ደረቅ ነው፤ ላብ ሳታዩት ይተናል። የነሱ እርጥብ ነው፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው።

ከተማዋ አስደነገጠችኝ። ከዚራ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሰፋ ያለ ጎዳና፣ ትልልቅ ዛፍ፣ በረንዳ ያለው አሮጌ የሕንዶች ሱቅ። ኢዲ አሚን በ1972 እ.ኤ.አ. ካባረራቸው በፊት ጂንጃን ያቀኑት በአብዛኛው የሕንድ ነጋዴዎች ናቸው። ድሬም ሕንዱም ዓረቡም ግሪኩም አርመኑም ነግዶባት የሄደ ከተማ ናት። የመለዋወጫ ነጋዴው ጓደኛችን አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ያለውን የእንጨት ቅርጽ እየነካ «ይሄ በር መጋላ አለ፤ ወላሂ አለ» አለ። ጠዋት ጠዋት ሮሌክስ በላን። ቻፓቲ ላይ እንቁላል ተጠብሶበት ይጠቀለላል። ፈጢራ ለለመደ ሰው ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ወንዙ።

መንገድ ላይ አንድ ሰው አገኘንና በግማሽ ዋጋ እንወስዳችኋለን አለን። የአጎቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ «ከጀልባው ጋር ስንት ካያክ ይከተላል?» ካያክ አንድ ሰው የሚይዝ ቀጭን ጀልባ ነው። ትልቁ ጀልባ ሲገለበጥ የወደቀውን ሰው ቶሎ ደርሶ የሚያወጣው እሱ ነው። ሰውየው «አያስፈልግም፣ አትፍሩ» አለ። ትተነው ሄድን። እናንተም ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ጥያቄ አትርሱ። «አያስፈልግም» ያላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉ።

የመረጥናቸው ሰዎች ጠዋት ፎርም ሰጡን። ስም፣ ዕድሜ፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና። ከታች ደግሞ «መዋኘት ይችላሉ?» ይላል። ባንክ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ሳታመነታ «አልችልም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። እዚህ ድረስ መጥቼ ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ። ፋርማሲ ቆሜ በየቀኑ «ያለብዎትን በሽታ አይደብቁኝ» የምል ሰው «እችላለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

እዚያው ጎን ቆሜ እሷን ምን እንዳደረጓት አየሁ። አልመለሷትም። አስጎብኚው አንድ ወጣት የቡሶጋ፣ የጂንጃ አካባቢ፣ ሰው ነው፤ ከዚያው ወንዝ ዳር የተወለደ። «ጥሩ፣ ነገርሽኝ» አላት። የላይፍ ጃኬቷን ራሱ አጠበቀላት። ከኋላ፣ ከሱ እጅ አጠገብ እንድትቀመጥ አደረገ። ለካያከኞቹም በጣቱ አመለከታት። በቃ፤ ይኸው ነው። መዋኘት ለማይችል ሰው የሚደረገው ነገር ይህ ብቻ ነበር። እኔን ከፊት፣ ማዕበሉ መጀመሪያ የሚመታበት ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ፎርሜ ላይ «እችላለሁ» ይላላ።

ስለ አለባበስ፣ በተለይ ለሴቶች። ጓደኛዬ ሂጃብ ትለብሳለች። አስቀድማ አስባበት በስፖርት ሂጃብ መጣች፤ ከራስ ጋር የሚጣበቅ፣ መርፌ የሌለው፣ ጫፉ የማይንጠለጠል። ሄልሜቱ በላዩ ላይ በደንብ ገባላት። መርፌ ፊት ይወጋል፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ ደግሞ ገመድ ላይ ይያዛል። እጅጌው ረጅም የሆነ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ከታይት ጋር ለሁላችንም ይሆናል። ጥጥ አትልበሱ፤ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሽርጥማ አይታሰብም። ቀለበትና ሐብል ሆቴል ይቅር። ጫማ እግር ላይ የሚታሰር ሳንዳል ይሁን፤ ነጠላ ጫማ የመጀመሪያው ማዕበል ይወስደዋል። መነጽር ካላችሁ ከኋላ በገመድ እሰሩት። የፀሐይ ቅባት ደግሞ ጉልበትና ጭን ላይ አብዙ። የድሬን ፀሐይ የቻለ ሰው ይህን ይንቃል። እዚያ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ ናችሁ፤ ፀሐይዋ ከላይም ትወርዳለች፣ ከውሃውም ትመለሳለች። የአጎቴ ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ሦስት ቀን ሱሪ መልበስ አልቻለም።

ላይፍ ጃኬቱን ሲያስሩላችሁ አስጎብኚው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ጃኬቱ ወደ አገጫችሁ ከወጣ ልል ነው፤ እንደገና ይጥበቅ። ትንፋሽ ሲያስቸግር «ላላ አድርጉልኝ» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ።

ወንዙ ላይ ከወጣን በኋላ ጸጥ ባለው ቦታ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ልምምድ ነበር። ወደፊት መቅዘፍ፣ ወደኋላ መቅዘፍ፣ «ያዙ» ሲባል ገመዱን መያዝ፣ «ውረዱ» ሲባል ጀልባው ወለል ላይ መቀመጥ። የመቅዘፊያው ጫፍ ላይ የቲ ቅርጽ ያለው መያዣ አለ። ከዚያ ላይ እጃችሁን ፈጽሞ አታንሱ። ማዕበል ሲመጣ ያ ጫፍ ነው የጎረቤታችሁን ጥርስ የሚሰብረው።

ዋናው ትምህርት ግን ከጀልባ ስለ መውደቅ ነው። በጀርባ ተኙ። እግር ከፊት፣ ወደ ወራጁ አቅጣጫ፣ የእግር ጣት ከውሃው በላይ። ድንጋይ ቢመጣ በጫማችሁ ትገፉታላችሁ። ውሃው ጉልበት ድረስ ቢመስላችሁም ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከገባ ወራጁ ከላይ ይደፍቃችኋል። ማዕበሉ አናት ላይ ትንፋሽ ያዙ፣ ሲያልፍ ተንፍሱ። ካያክ ሲደርስላችሁ አፍንጫው ላይ ያለውን መያዣ ያዙ እንጂ ሰውየውን አትያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ በቀስታ፣ ዐይን ዐይናችንን እያየ ተናገረ። «ጀልባው ተገልብጦ ከሥሩ ከሆናችሁ ጨለማ ነው። አትደንግጡ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፤ ወለሉን ታገኙታላችሁ። እሱን እየዳሰሳችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። አትዙሩ። ጀልባ ማለቂያ አለው።»

ከዚያ ሁላችንም ወደ ውሃው እንድንዘል ጠየቀን። ለመለማመድ። ጓደኛዬ እየጮኸችም ቢሆን ዘለለች። ላይፍ ጃኬቱ እንደ ቡሽ አንሳፈፋት፤ ፊቷ በራ። እኔ የጀልባውን ገመድ ጨብጬ እስከ ወገቤ ወረድኩና ተመለስኩ። «ቀዝቃዛ ነው» አልኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ገመዱን ለቅቄ ጃኬቱ እንደሚይዘኝ ሰውነቴ ቢያውቅ ኖሮ በኋላ ያን ያህል ባልተሸበርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ራፒዶች አለፉ። ራፒድ ወንዙ ቁልቁል ሲወርድና ከድንጋይ ጋር ሲላተም አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ነው። ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 6 በንግድ ጀልባ የማይሞከር ነው። ጂንጃ ላይ እስከ 5 ይወጣሉ። ውሃው ብዙና ጥልቅ ነው፤ ከሐይቅ ስለሚወጣ ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ከራፒዱ በታች አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ሰፊ ውሃ ይከተላል፤ የወደቀ ሰው የሚለቀመው እዚያ ነው። ጮህን፣ ሳቅን፣ ራስን። የእናቴ «እያሳሳቀ» ትዝ ያለኝ ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ነው።

ድምፁን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ከርቀት የሚመጣ፣ የማያቋርጥ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ። የባቡር ድምፅ። እጄ መቅዘፊያው ላይ ደረቀ። ከኋላ «ወደፊት! ወደፊት!» ይላል አስጎብኚው። ሁሉም ይቀዝፋል፣ እኔ አልቀዝፍም። በአንድ ጎን የሚቀዝፍ ሰው ሲጠፋ ጀልባ ይዞራል። ጎናችንን ለማዕበሉ ሰጠን። አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ከፊቴ ሲነሳ አየሁ። ከዚያ ሰማዩ ከእግሬ በታች ሆነ።

ጨለማ። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፤ ማንም አልነገረኝም ነበርና። ከጀልባው ሥር ድምፁ ይቀየራል። ጩኸቱ ይጠፋና ከበሮ ውስጥ እንደ መቀመጥ ይሆናል። ጃኬቱ ወደ ላይ ይገፋችኋል፣ የጀልባው ወለል ደግሞ ከላይ ይይዛችኋል። ራሴ ጎማውን ሲነካ ተሰማኝ። አፍንጫዬ ውስጥ ውሃ ገባ፣ እስከ ግንባሬ አቃጠለኝ። አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ስሟን ጠራሁ ልበል፣ በልቤ ነው።

ከዚያ እጄ ተነሳ። አስቤ አይደለም። «እጃችሁን ወደ ላይ» የሚለው ቃል እጄ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወለሉን አገኘሁት፤ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው። ስፌቱን ተከተልኩ። አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ። አንዴ ልዞር ፈለግኩ፤ አልዞርኩም። ሦስተኛ እጄ፣ አራተኛ። ጣቴ ጠርዙን አገኘ። ብርሃን ሆነ።

በኋላ የአጎቴ ልጅ ሲነግረኝ ከጀልባው ሥር የቆየሁት ሰባት ስምንት ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ ከሱ ጋር አልከራከርም።

ስወጣ ማዕበል ፊቴ ላይ ደፈቀና የመጀመሪያ ትንፋሼ ውሃ ሆነ። በጀርባ መተኛት ረሳሁ። ውሃውን በእጄ መደብደብ ጀመርኩ፤ መዋኘት የማይችል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በጣም ያደክማል፤ የትም አያደርስም። ካያክ ላይ ያለው ልጅ ሲመጣ አየሁት። ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ጓደኛዬ ነው። ልክ ነበር፤ እንደማትችል የተነገረው እሷን ነው። እሷ በጀርባዋ ተኝታ፣ እግሯን ከፊት አድርጋ፣ እንደተባለችው እየተንሳፈፈች ነበር። በእጇ ወደኔ አመለከተችው። «እኔን ተወኝ፣ እሷን!» ትለዋለች በአማርኛ። ገባው።

የካያኩን መያዣ ጨብጬ ጸጥ ያለው ውሃ ጋ ስደርስ አስጎብኚያችን ጀልባውን አቃንቶት ነበር። በላይፍ ጃኬቴ ትከሻ ይዞ ሳበኝ። እንዲህ ነው የሚወጣው፤ በእጅ አይጎተትም፣ ትከሻ ይወልቃል። ጀልባው ወለል ላይ እንደ ወደቅኩ ውሃውን አስመለስኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። «መዋኘት አልችልም» አልኩት። «ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

አልተቆጣኝም። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ፣ አልመልስሽም ነበር እኮ። እዚህ ከሚመጣው ሰው ብዙው አይችልም። ብቻ የት እንደማስቀምጥሽ አውቅ ነበር። ካያኩም ወዴት እንደሚሮጥ ያውቅ ነበር» አለኝ። የተናገረው ይኸው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። «አልችልም» የሚለው ቃል ለነሱ እንደ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው። ስትደብቁት የናንተን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሰው ደኅንነት ትሰርቃላችሁ። አንድ ካያክ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም።

ለመውጣት ከፈለግኩ ዳር ላይ መኪና እንዳለ ነገረኝ። ጓደኞቼም «እንውጣ፣ ችግር የለም» አሉ። የመለዋወጫ ነጋዴው እጄን ይዞ «አቦ፣ ያንቺ ሕይወት ይበልጣል» አለኝ። መውጣት ነውር አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ። ያን ጠዋት ያልዘለልኩትን ዝላይ አሁን መዝለል እፈልጋለሁ አልኩ። ጸጥ ባለው ውሃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አስተማረኝ። ገመዱን ለቀቅኩ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ጃኬቱ ያዘኝ። 20 ዓመት ሊሆን ምን ቀረው፤ ውሃ ላይ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከኋላ፣ ከሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ ወንዙን ማንበብ አሳየኝ። ውሃው ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ሲታይ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች፣ ወደምትሄዱበት ከሆነ መንገድ ነው። ሹሉ ጫፍ ወደናንተ ከሆነ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ውሃ ድንጋይ ላይ ወድቆ ወደኋላ የሚታጠፍበት ጉድጓድ ደግሞ አለ፤ እኛን የገለበጠን እሱ ነው። ጀልባ በአፍንጫው በፍጥነት ከገባበት ያልፋል፤ በጎኑ ከገባ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ስትፈሩ መቅዘፍ የማይቆመው።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። የደቻቱ ጎርፍ ቤትም ግንድም ሰውም እያላተመ፣ ያልነበረበት ቦታ ላይ በጨለማ የመጣ ውሃ ነው። ያን መፍራት ትክክል ነው፤ አሁንም እፈራዋለሁ። ይህ ወንዝ ግን ቦታውን አይለቅም። ድንጋዩ ትናንት የነበረበት አለ። ሰዎች ስም አውጥተውለት፣ መንገዱን በቃላቸው ይዘውታል። ሁለቱን አንድ አድርጌ ኖሬያለሁ።

ኢታንዳ የሚባለው ፏፏቴ ስንደርስ ሁላችንም ከጀልባ ወርደን በእግር ዞርን። ከባዱ ክፍል በጀልባ አይሞከርም። ድንጋዩ ላይ ቆመን አየነው። ሙሉ ወንዝ ወደ ነጭ ዱቄት የተለወጠ ይመስላል። የአጎቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆመ፤ ያ ዝም የማይል ሰው። ከላይ ሌሎች ፏፏቴዎችም ነበሩ። ቡጃጋሊ የሚባለውና የቡሶጋ ሰዎች መንፈስ አለበት ብለው የሚያከብሩት ፏፏቴ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው 250 ሜጋ ዋት ግድብ ሲሠራ ውሃ ውስጥ ገባ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኢሲምባ ግድብም ከታች ያሉትን ዋጠ። አስጎብኚው ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ። ልጅ ሆኖ የዘለለባቸው ድንጋዮች ናቸው። መብራት ያስፈልጋል፤ የኛም አገር ሰው ይህን ያውቃል። የሚያጣውም ሰው እንዳለ ግን ያን ቀን ፊቱ ላይ አየሁት።

የመጨረሻውን ራፒድ ቀዘፍኩ። ድምፁ መጣ፣ ደረቴ ውስጥ ገባ፣ እኔም ቀዘፍኩ። አልተገለበጥንም።

አሁን ቢልሃርዚያው። ተውሳኩ ቪክቶሪያ ሐይቅና ናይል ውስጥ አለ፤ ዳር ዳር ጸጥ ባለው ውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ፈጣኑ ውሃ ላይ አደጋው ይቀንሳል፤ ግን ጸጥ ባለው ቦታ መዋኘታችን አልቀረም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። እንደተመለሳችሁ ወዲያው አትውሰዱት። ያደገውን ትል እንጂ ገና የገባውን በደንብ አይገድልም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በኪሎ ተሰልቶ ይወሰዳል። ባዶ ሆድም አይሁን። በዚያ መሃል ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ሳል ከጀመራችሁ ሳትጠብቁ ታዩ፤ ናይል ውስጥ እንደገባችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። እሱም ፎርም ላይ እንደሚጠየቀው ነው፤ አትደብቁ።

በሰባተኛው ሳምንት አራታችንም የሐኪም ወረቀታችንን ይዘን ፋርማሲው ተሰበሰብን። ተራ በተራ ሚዛን ላይ ወጣን። ጓደኛዬ ከቤቷ ትኩስ ፈጢራ በማር ይዛ መጥታ ነበር። በላን፣ ክኒኑን በሻይ ዋጥን። ባሏ አዋሽ ላይም ራፍቲንግ እንዳለ አነሳ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«መጀመሪያ መዋኘት ልማር» አልኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሆቴል ገንዳ ላይ ጀምሬያለሁ። እናቴ ፎጣዬን ይዛ ዳር ላይ ትቀመጣለች።